ስድስት ምልክት በአንድ ቦታ

መስከረም 14

ይድረስ ለማሙሽ፣

ደብዳቤ ሲጀመር የሰውን ጤና መጠየቅ ደንብ ነው፤ እኔ ግን የአንተን ጤና አልጠይቅም። አንተ ደህና እንድትሆን ተደርገህ የተሠራህ ሰው ነህ። ሰላምታዬን በሙሉ ለሚስትህ ስጥልኝ። ሦስተኛ ወሯን የያዘች ሴት ከአንተ ይልቅ ይገባታል። ሠላሳ ዓመት ሞልቶህ ማሙሽ ስልህ ደግሞ አትቆጣ፤ ለእኔ ሃምሳም ቢሞላህ ማሙሽ ነህ።

ለጠየቅኸኝ መልሱ አዎ ነው፤ ነግረውናል። ማስታወቂያውን ትናንት ጠዋት ከፊርማ መዝገቡ በላይ ተለጥፎ አገኘነው። ከጥር አንድ ቀን ጀምሮ ቢጫ ካርድ ያለው ሰው የማድመጫ ዘንግ አይዝም ይላል። በውሃ አገልግሎት ቅርንጫፋችን ቢጫ ካርድ ያለኝ እኔ ብቻ ነኝ። ስሜን ቢጽፉት ኖሮ ወረቀት ይቆጥቡ ነበር። አለቃዬ አቶ ቆይ-ቆይ (ስሙን ያወጣሁለት እኔ ነኝ፤ ሁሉን ነገር "ቆይ፣ ቆይ" ሳይል ስለማይጀምር) ማስታወቂያውን ሳነብ አጠገቤ ቆሞ ጫማውን ሲያይ ነበር።

ምክንያቱ "በዘር የሚመጣ የመስማት ችግር ሥጋት" ነው። የአባባ ጆሮ ማለታቸው ነው። እኔ ስወለድ እርማት የሚባል ነገር አልነበረም፤ እማዬ ያገኘችውን ወለደች። አንተ ከአሥራ ሁለት ዓመት በኋላ ስትመጣ ሐኪሞቹ ልጅን ገና በማህፀን ሳለ ማረም ጀምረው ነበርና የአባባን ጆሮ ካንተ ላይ ፋቁት። አንተ "የታረመ" ተብለህ ነጭ ካርድ ተሰጠህ፤ እኔና መሰሎቼ ደግሞ ቢጫ ካርድ ተሰጥቶን "እንደመጣ" የሚል ስም ወጣልን። ስሙ አያስከፋኝም። እውነትም እንደመጣሁ ነኝ።

አሁን ጉዳዬን ስማ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት በየመንገዱ ዘንግ ይዤ፣ ከአስፋልት በታች የትኛው ቧንቧ እንደሚያፈስ እያዳመጥኩ ኖሬአለሁ። አንተ የምትሠራው ዘረመል መዝገብ ቤት ነው፤ ደንቡ በእጅህ ነው። ይህን ያህል ዘመን የሠራ ሰው ሳይፈተን የሚባረርበት አንቀጽ አለ ወይ? ካለ አሳየኝ። ከሌለ ይፈትኑኝ። ፈተናውን አልፈራም፤ በዚህ ከተማ የማላውቀው ቧንቧ ገና አልተቀበረም።

ስልክ አትደውል። የፓምፑ ቤት ጫጫታ አያሰማም፤ "እ? ምን አልክ?" ማለት ሰልችቶኛል። ጻፍልኝ።

እህትህ

መስከረም 27

ለእትዬ፣

መልሴ በመዘግየቱ ይቅርታ አድርጊልኝ። ባለቤቴ ደህና ናት፤ ጠዋት ጠዋት ብቻ ያስመልሳታል። ሰላምታሽን ስሰጣት "ለአንተ አልተረፈህም?" ብላ ሳቀችብኝ።

አንቀጹን አግኝቼዋለሁ። አሥራ ሰባት ነው። ከአሥር ዓመት በላይ ያገለገለ ባለ ቢጫ ካርድ "የጎን ለጎን ፈተና" የመጠየቅ መብት አለው። አንድ መንገድ ይመረጣል፤ አንቺና ባለ ነጭ ካርዶቹ የሚያፈሰውን ቦታ በየተራ ትፈልጋላችሁ፤ ኮሚቴ ያወዳድራል። ኮሚቴው የሚሰየመው እዚህ ዋናው መሥሪያ ቤት ነው። እነማን እንደሚቀመጡበት ገና አልታወቀም። ማመልከቻውን ጽፌ አያይዤልሻለሁ፤ ፈርመሽ ላኪው።

ግን እትዬ፣ ለምን ትደክሚያለሽ? አንድ ነገር ልንገርሽና ቀድደሽ ጣይው። መዝገቡ በእኔ እጅ ነው የሚያልፈው። ቢጫው ነጭ የሚሆነው በአንድ ጣት ነው። ማንም አያውቅም፤ አንቺም ዘንግሽን ይዘሽ ጡረታሽ ድረስ ትሠሪያለሽ። ከወንድምነቴ ሌላ የምሰጥሽ የለኝም፤ ይኼንን ልስጥሽ።

ደግሞ ጆሮሽን ጠይቄሽ ነበር፤ ዘለልሽኝ። ፓምፑን ተይውና ንገሪኝ፤ እንዴት ነው?

ወንድምሽ

ጥቅምት 9

ለማሙሽ፣

ማመልከቻውን ፈርሜ ልኬዋለሁ። ቋንቋህ እንዴት አምሮበታል፤ አንብቤው ለራሴ አዘንኩ።

ካርዱን ግን እጅህን እንዳታነሳበት። ስላሰብክልኝ እወድሃለሁ። ነገር ግን እኔ ሌላ ሰው ሆኜ ካለፍኩ ያለፈው ሌላ ሰው ነው፤ እኔ እዚያው ቀረሁ ማለት ነው። ደግሞ አንተ ውሸት አይሆንልህም። በልጅነትህ ስኳር ሰርቀህ ማንም ሳይጠይቅህ "እኔ አይደለሁም" እያልክ ቤቱን ትዞር ነበር። ሐኪሞቹ ይህን አላረሙትም።

ከእኔ ጋር የሚፈተኑት ስድስቱ መጥተዋል። ባለ ነጭ ካርድ አድማጮች ናቸው፤ ሁሉም ሃያ አምስት፣ ሃያ ስድስት ዓመት የሞላቸው። ደግ ልጆች ናቸው፤ እውነቱን መናገር ደግ ነው። መልካቸው ለየቅል ነው፣ ጆሯቸው ግን አንድ ነው፤ ሁሉም "ሦስተኛው ንድፍ" በሚሉት የእርማት ዓይነት የታረሙ ናቸው። መጀመሪያ ቀን መጋዘን ውስጥ መፍቻ ወደቀ። ስድስቱም አንገት እኩል ዞረ፣ እኩል ተመለሰ። ሳቄ አምልጦኝ ወደ ውጭ ሮጥኩ።

እነሱ የዘንጉን ጫፍ ጆሯቸው ላይ ያደርጋሉ። እኔ እነክሰዋለሁ። ከመካከላቸው ቀጭኗ፣ ደፋር ናት፣ "ለምን ይነክሱታል?" ብላ ጠየቀችኝ። አባቴ ስለነከሰው አልኳት። አባባ ጆሮው በአርባ ስምንት ዓመቱ ሲዘጋ አንተ ትንሽ ነበርክ፤ አታስታውስም። ከዚያ በኋላ አሥራ አንድ ዓመት በጥርሱ ሠራ። የምድሩ ድምፅ በመንጋጋ ገብቶ ራስ ቅል ውስጥ ይደርሳል፤ የጆሮ በር ቢዘጋም እሱ መንገድ አይዘጋም። ቢሮ ውስጥ ማንም አላወቀበትም፤ አለቃው በተናገረ ቁጥር ራሱን ይነቀንቅ ስለነበር ከሁሉ የበለጠ ታዛዥ ሠራተኛ ተብሎ ተሸለመ።

እሱ ያስተማረኝ አንድ ነገር አለ። ውሃ የሚጮህበት ሌላ ነው፣ የሚያፈስበት ሌላ። ጩኸቱ በቧንቧው ተጉዞ መታጠፊያ ላይ ይፈነዳል። ቀዳዳው ያለበት ቦታ ድምፁ ወፍራምና የታፈነ ነው፣ ብርድ ልብስ ውስጥ ሆኖ እንደሚያጉረመርም ሰው። እሱን ጥርስ ይይዘዋል።

ጆሮዬ ደህና ነው፤ ሰላም ብሎሃል።

እህትህ

ኅዳር 4

ለማሙሽ፣

እስከ አሁን ዝም ያልኩት ተናድጄ ነው እንጂ አልታመምኩም። ሚስትህን አታስጨንቃት።

ፈተናው እንዴት ነበር ላልከው፦ ከፍርድ ቤቱ ጀርባ ያለውን መንገድ መረጡ። ሰባታችንም መስኮቱ በጋዜጣ በተሸፈነ መኪና ውስጥ ቁጭ አልን። በየተራ እየወረድን፣ አዳምጠን፣ በጠመኔ ምልክት አድርገን፣ ምልክታችን ለሚቀጥለው እንዳይታይ በቆርቆሮ እየተሸፈነ ተመለስን። እኔ ስምንት ጊዜ ዘንጉን ተክዬ ከጫማ ሰፊው ደረጃ አጠገብ ምልክት አደረግኩ። ቆርቆሮዎቹ ሲነሱ የስድስቱ ምልክት መድኃኒት ቤቱ በር ላይ ነበር። አንዱ ባንዱ ላይ ተደራርቦ በአንድ መዳፍ ይሸፈናል። ከእኔው አሥራ አራት እርምጃ ይርቃል።

ከዋናው መሥሪያ ቤት የመጣው ሰውዬ አይቶ ፈገግ አለ። "እንግዲህ ይቆፈርና ይታይ" አልኩ። "እናቴ፣ አስፋልቱ እኮ አዲስ ነው" አለኝ። "ከአንድ ብርቱ ሁለት መድኃኒቱ ይባላል፤ እዚህ ስድስት ናቸው። ስድስት ባለሙያ የተስማማበትን መቆፈር ምን ይጨምራል?" ማስታወሻውን ዘግቶ ወደ መኪናው ሄደ። አቶ ቆይ-ቆይ እንኳን ያን ቀን ቆይ አላለም።

ማሙሽ፣ እነሱ ስድስት ሰው አይደሉም። አንድ ጆሮ ስድስት ጊዜ ከመኪና ወረደ። አንድ ጆሮ ደግሞ ከተሳሳተ ስድስት ጊዜም ያው ይሳሳታል። ውሃው መድኃኒት ቤቱ በር ላይ ይጮሃል፤ እኔም ጥርሴ ላይ አግኝቼዋለሁ፤ ጠራ ያለ ቆንጆ ጩኸት ነው። የሚያፈሰው ግን ጫማ ሰፊው ጋ ነው። ይህን የምለው ተስፋ በማድረግ አይደለም፤ ስለማውቅ ነው።

ውሳኔው በአሥራ አምስት ቀን ይመጣል ብለዋል። የኮሚቴውን ቃለ ጉባኤ የሚጽፈውን ሰው የምታውቀው ከሆነ አንድ ነገር ለምንልኝ። "ይቆፈር ብላ ጠይቃለች" የሚለውን ብቻ ያስገባልኝ። ከዚያ በላይ አልፈልግም።

እህትህ

ኅዳር 21

ለእትዬ፣

የላክሽው ወረቀት ላይ አንድ መስመር ብቻ ነበር፦ "ቃለ ጉባኤውን የጻፍከው አንተ ነህ ወይ?"

አዎ፣ ከውሳኔው ጋር የደረሰሽን ቃለ ጉባኤ የጻፍኩት እኔ ነኝ። ፊደል ያስቆጠርሽኝ አንቺ ሆነሽ የእጄን ጽሑፍ ከአንቺ ልሰውር ማሰቤ ሞኝነት ነው። ጸሐፊ የተደረግኩት በመስከረም ነው። ያን ጊዜ "ገና አልታወቀም" ብዬ የጻፍኩልሽ ዋሽቼ ነው። "ይቆፈር ብላለች" የሚለውን ቃልሽንም ጽፌው ነበር። ሰብሳቢው አንብቦ በእስክሪብቶው ጫፍ ነካ ነካ አደረገና "ባለ ቢጫ ካርድ እህት እያለችህ እዚህ ወንበር ላይ ማስቀመጣችንን አትርሳ" አለኝ። አወጣሁት። ከዚያም "ስድስት ለአንድ" ብዬ በንጹሕ ገልብጬ ፈረምኩ።

ለምን እንደሆነ ልንገርሽ፤ እንደ ማመካኛ አትቁጠሪብኝ። የልጃችን እርማት ቀን ታኅሣሥ 12 ነው። ስሙ በምርመራ ያለ ሠራተኛ ልጁ አይታረምም። የአባባ ጆሮ በእኔ ላይ ቢፋቅም ከንድፉ ሥር ተደብቆ ወደ ልጅ ሊወርድ እንደሚችል ሐኪሟ ነግራናለች። ፈራሁ።

ሌላም አለ፤ ይኼኛው እንቅልፍ ነስቶኛል። ከፈተናሽ በፊት በሌሎች ሁለት ከተሞች ተመሳሳይ ፈተና ተደርጓል። ፋይሎቹ በእኔ መደርደሪያ ላይ ናቸው። በሁለቱም ቦታ የታረሙት ምልክት በአንድ መዳፍ ይሸፈናል። በሁለቱም ቦታ በኋላ ተቆፍሮ ደረቅ አፈር ተገኝቷል። የእንደመጣዎቹ ምልክት ግን ውሃ ላይ ነበር። በፋይሎቹ ጀርባ "ለመረጃ ብቻ" የሚል ማኅተም አለ። ሦስተኛው ንድፍ ወፍራሙን ድምፅ እንደ ጫጫታ ቆጥሮ ያጠራዋል ማለት ነው። እኔም በሦስተኛው ንድፍ ነው የታረምኩት። አንቺ የምትሰሚውን በተፈጥሮዬ አልሰማም፤ ሰምቶ የተወ ሰው ከእኔ ይሻላል።

ይግባኝ እስከ ታኅሣሥ 10 ክፍት ነው። ይቅርታ አድርጊልኝ ልል ብዕሬ ይከብደኛል።

ወንድምሽ

ኅዳር 29

ለማሙሽ፣

ደብዳቤህን አንብቤ መጀመሪያ "ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ" አልኩ። ሁለተኛ ሳነበው "የአባትህ ቤት ሲዘረፍ አብረህ ዝረፍ" የሚለው መጣልኝ። በሦስተኛው አለቀስኩ። እንግዲህ ስድቡንም ልቅሶውንም ጨርሻለሁ፤ ይቅር ብዬሃለሁ። ደግሞ ደግሜ እንድምልልህ አትጠብቅ።

አንተ የደበቅከውን ስለነገርከኝ እኔም የእኔን ልንገርህ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይላሉ፤ የእኔው ደግሞ ጭራሽ ተሰዷል። ቀኙ ከተዘጋ ሁለት ዓመት ሆነው። ግራው ባለፈው ሚያዝያ ሄደ። አፍ እያየሁ ነው የምግባባው። ስልክ አትደውል ያልኩህ በፓምፑ ምክንያት አልነበረም፤ የአንተን ድምፅ መስማት ስላቃተኝና ያንን ልነግርህ ስላልፈለግኩ ነው። ከጆሮዬ የሄደው ሁሉ አላሳዘነኝም፤ የአንተ ድምፅ ግን አሳዝኖኛል።

ስለዚህ ካርዱ አልዋሸም። ትደነቁራለሽ አለ፤ ደነቆርኩ። የዋሸው ደንቡ ነው፤ የደነቆረ ሰው ውሃ አያገኝም ያለው። ከሚያዝያ ወዲህ ሁለቱም ጆሮዬ ዝግ ሆኖ አርባ ሦስት ቦታ አስቆፍሬአለሁ፤ አርባ ሦስቱም ውሃ ነበራቸው። መዝገቡ አቶ ቆይ-ቆይ ጋ አለ።

ይግባኙን ራሴ ጽፌዋለሁ፤ እንደ አንተ ያማረ አይደለም። መጀመሪያው መስመር ላይ "ሁለቱም ጆሮዬ አይሰማም" ብዬ ጀመርኩ። ሰው ፈልጎ ከሚያገኘው እኔ ብሰጠው ይሻለኛል። ቀጥዬ "ሁለቱም ቦታ ይቆፈር" አልኩ። ቀጭኗ አንብባው ፈረመችበት። ባለ ነጭ ካርድ ናት፤ ማንም አላስገደዳትም። "የሰማሁትን ምልክት አድርጌአለሁ፤ የሰማሁት ልክ መሆኑን ግን አላውቅም" ብላ በገዛ እጇ ጨመረችበት።

የእነዚያን ሁለት ከተሞች ፋይል አያይዝልኝ አልልህም። የልጁን ቀን አውቃለሁ። በአንተ ቦታ ብሆን ምን እንደማደርግ አላውቅም፤ የማውቅ መስዬም አልጽፍልህም። ያለ ፋይሉም አሸንፋለሁ፤ ዘግየት ሊል ይችላል እንጂ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል። የምፈራው ሳላሸንፍ ጥር አንድ ደርሶ ሥራዬን እንዳይወስዱብኝ ብቻ ነው፤ እጅ ከዘንግ አንዴ ከተለየ መመለሱ ይከብዳል።

ሚስትህ እግሯ አብጧል ብለሃል። ከፍ አድርጋ ታስቀምጠው፤ አንተ ደግሞ ዕቃ እጠብ።

እህትህ

ታኅሣሥ 22

ለእትዬ፣

"አድራሻህ ለምን ተለወጠ?" ላልሽኝ፦ አሁን የምንኖረው ከባለቤቴ አክስት ቤት ጀርባ ባለው ክፍል ነው። የመሥሪያ ቤቱን ቤት አስረክበናል። ክፍሉ ጠባብ ነው፣ መስኮቱ ግን ሰፊ ነው። ዕቃም እያጠብኩ ነው።

ፋይሎቹን ታኅሣሥ 9 ቀን ከይግባኝሽ ጋር አያይዤ ራሴ መዝገብ ቤት አስገባኋቸው። ከላያቸው ላይ አንድ ገጽ ጻፍኩ። በሦስተኛው ንድፍ የታረምኩ መሆኔን፣ ቃልሽን ከቃለ ጉባኤ ያወጣሁት እኔ መሆኔን፣ ስሜንም ጻፍኩ። በማግስቱ ማንም ምንም አላለኝም፤ ሻይ እንኳን አመጡልኝ። በ11 ከሥራ አግደው ካርዴን ለምርመራ ወሰዱት። በ12 ሐኪም ቤት ስንደርስ የበሩ ሰው ዝርዝሩን ወደ ታች አየና "ስማችሁ የለም" አለን። ቀን ሊቀየርልን ይችል እንደሆነ ጠየቅኩት። ከስድስተኛ ወር በኋላ እርማት አይደረግም፤ እሱም ያውቃል፣ እኔም አውቃለሁ።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ባለቤቴ ሆዷን ይዛ ተቀመጠችና "ሳትነግረኝ ባታደርገው ኖሮ ምን ነበር? እኔስ አድርግ እል እንደሆነ በምን አወቅክ?" አለችኝ። ቀጥላ "ለእትዬ ጻፍላት። ቀስ አድርገህ ንገራት፤ በእኔ ምክንያት ነው ብላ እንዳትታመም" አለች። ስለዚህ ቀስ አድርጌ እየነገርኩሽ ነው።

ቁፋሮው መታዘዙን ሰምቻለሁ። አንድ የቀድሞ ባልደረባዬ ከዚያ በላይ ነገረኝ። የሆነ ወረቀት ልከውልሻል አለ። ምን እንደሆነ ነገረኝና ደስም አለኝ፣ አፈርኩም። እትዬ፣ ፈርሚ። ፈርመሽ ሥራሽን ያዢ። ከእኛ ሁለት አንዳችን እንኳን ደህና እንሁን። ፈረምሽ ወይ? እሱን ብቻ ጻፊልኝ።

ሌላም ልጠይቅሽ፤ ማንም የሚመልስልኝ የለም። ልጁ እንደ አባባ ቢሆንስ?

ወንድምሽ

ጥር 8

ለማሙሽ፣

ደብዳቤህን ይዤ መንገድ ዳር ቁጭ አልኩና ብዙ ቆየሁ። ሰው ሲያልፍ ምን ሆነሽ ሳይለኝ አልቀረም፤ ቀና ብዬ አፉን ስላላየሁ አልመለስኩለትም። ያደረግከውን አውቄአለሁ። ኮርቼብሃለሁ፤ ደግሞ አዝኛለሁ፤ ሁለቱንም አንድ ላይ ነው የምጽፍልህ። ሚስትህ ትክክል ናት፤ ልትጠይቃት ይገባህ ነበር። ሂድና ይቅርታ ጠይቃት፤ አንዴ ጠይቄአለሁ ብትለኝ እንኳን ድገመው።

ቁፋሮው ታኅሣሥ 17 ነበር። መጀመሪያ መድኃኒት ቤቱ በር ላይ ቆፈሩ። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ሆነባቸው፤ ከእግር እስከ ደረት የሚደርስ ደረቅ አፈር። ስድስቱ ልጆች ጉድጓዱን ከበው እኩል አቀርቅረው አዩ። ከዚያ ወደ ጫማ ሰፊው ሄዱ። ከዚያ በኋላ ያለውን ቆፋሪውን ብትጠይቀው ይሻላል፤ ሱሪውን ሁለት ቀን ሲያደርቅ ከረመ። ቀጭኗ አሁን ዘንጉን መንከስ ጀምራለች። መጀመሪያ ምላሷን ነከሰች። ሌሎቹ አምስቱ እያዩዋት ነው።

ወረቀቱ የመጣው በሳምንቱ ነው። ባልደረባህ የነገረህ እውነት ነው። "በልዩ ችሎታዋ ምክንያት የክብር እርማት ተሰጥቷታል" ይላል። ፎቶግራፌ ያለበት ነጭ ካርድ አብሮ አለ። እንደመጣ የሆነ ሰው ከታረመ ሰው በልጧል ብሎ መጻፍ ስላቃታቸው እኔን የታረመች አደረጉኝና ነገሩ ተቃለለላቸው። ከሥሩ የምፈርምበት ቦታ አለ። ከፈረምኩ ዘንጉ የእኔ ነው። በሌሎች ከተሞች ያሉት ሠላሳ አንድ ባለ ቢጫ ካርድ አድማጮች ግን ደንቡ እንደጸና ይቆይባቸዋል።

ጥር አንድ አልፏል። ያን ቀን ጠዋት ቢጫ ካርዴን ይዤ እንደ ወትሮው ገባሁ። አቶ ቆይ-ቆይ የሥራ ዝርዝሩን አየ፣ እኔን አየ፣ እንደገና ዝርዝሩን አየ። "ቆይ፣ ቆይ" አለና ከድልድዩ እስከ ገበያው ያለውን መስመር ሰጠኝ። በየቀኑ አንድ መስመር ይሰጠኛል። በየትኛው አንቀጽ እንደሆነ እሱም አያውቅም፣ እኔም አልጠየቅኩትም። ነገ ሊያቆመኝ ይችላል፤ እሱንም አውቃለሁ።

ልጁ እንደ አባባ ቢሆንስ ላልከው፦ ሊሆን ይችላል። አልሸነግልህም፣ ቀላል አይደለም። ዝናብ መጣሉን የማውቀው ስረጥብ ነው። ሰዎች ሲስቁ ዘግይቼ እስቃለሁ፤ አንዳንዴም በእኔ ላይ ይሆን እላለሁ። ግን ደህና ሰው ሆኖ ይኖራል። ከአሁኑ ፊቱን እያያችሁ አውሩት፣ አፋችሁን በእጃችሁ አትሸፍኑ፣ ጀርባችሁን ሰጥታችሁ አትቆጡት። የቀረውን እኔ አስተምረዋለሁ፤ እኔን ያስተማረኝ አባባ ነበርና መንገዱን አውቀዋለሁ። እኔ ተምሬዋለሁ፣ ተርፌአለሁም።

አሁን ወደ ጥያቄህ። ወረቀቱን ሦስት ቀን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬ አየሁት። አልዋሽህም፣ እስክሪብቶ አንስቼ ነበር። ሥራዬን ምን ያህል እንደምወደው አንተ ታውቃለህ፤ አንተም ፈርሚ ብለኸኛል፤ ለሠላሳ አንዱም ብዬ ልተወው ስል "አንቺ ማን ነሽና" ይለኛል ሆዴ። ከዚያ ልጁ የሚወለድበትን መጋቢትን አሰብኩ። አባቱ የታረመ ነው፣ እናቱ የታረመች ናት። እኔም ነጭ ካርድ ይዤ ብቀበለው በቤተሰባችን እንደመጣ የሚባለው እሱ ብቻውን ሊሆን ነው። ወረቀቱን ሳልፈርም ትናንት መልሼዋለሁ፤ ልጁ ሲወለድ ቢጫ ካርዴን ይዤ እመጣለሁ።

እህትህ